ቶሎ ቀባሪው ጋሽ ምሕረተአብ

ሁሉ ነገር ቶሎ የሚሞትበት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሮም ውስጥ፣ በምሠራበት ላብራቶሪ፣ አንድ አለኝ። ጋሽ ምሕረተአብ ይባላሉ፤ አለቃችን ናቸው። ትራም ትንሽ ከዘገየ «አሎራ፣ እንግዲህ የኤስኲሊኖ ሰፈር ትራም አበቃለት» ብለው በእግራቸው ይሄዳሉ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ካታሊስታችን ደከመ። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው፤ የእኛው የኒኬል ዱቄት ነው። ዶክትሬቷን የምትሠራው ሰላም ከመሣሪያው ስታወጣው ጥላሸት መስሏል። ጋሽ ምሕረተአብ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሞቷል። ጥናቱንም እንዝጋው።»

ጥናቱ ከተዘጋ የሰላም ኮንትራትም ፔርሜሶዋም፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አብረው ይዘጋሉ። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም።

«አልሞተም፣ ጋሼ። ካርቦን ሸፍኖት ታፍኖ ነው። በትንሽ አየር ቀስ ብለን ካርቦኑን እናቃጥልለት።»

«ሙቀቱ ከበዛስ?»

«ያኔ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው የምር ይሞታል። ስለዚህ አናበዛውም።»

እሳቸውም ፊታቸውን ሳይፈቱ ፈቀዱ። ዱቄቱን ወደ መሣሪያው መልሰን ሙቀቱን በጥንቃቄ ከፍ አደረግን፤ ቀጥሎም አየሩ ያዛገውን ኒኬል እንዲያጠራልን ሃይድሮጅን አሳለፍንበት። ከሰዓት በኋላ ካታሊስቱ መሥራት ጀመረ። እንደ አዲስ ባይሆንም ለጥናቱ የሚበቃ ጉልበት አገኘ። ሰላም ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

ጋሽ ምሕረተአብስ? ወንበር ስበው መሣሪያው አጠገብ ተቀመጡ። በሩን በኃይል ብዘጋው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተቆጡኝ።

«ቀስ በል እንጂ! ገና ማገገሙ ነው!»