ቨርቩዬ ነው የሚባለው!

የፈረንጅ ስም አስተካክሎ የሚጠራ ሰው ጤነኛ አይደለም! አዎ፣ ብያለሁ። መቆጣት የፈለገ ይቆጣ። ጤነኛ ሰው የባዕድ ስም ሲሰማ ለአፉ በሚመቸው መጠን ቆረጥ፣ ጠቅለል አድርጎ ይጠራውና ወደ ሥራው ይሄዳል። ጠመንጃውን ሁሉ እንዲያ አይደል ስም ያወጣንለት? የሠሪው እናት ብትሰማን የማን ልጅ እንደምንጠራ ግራ ይገባታል፤ ጠመንጃው ግን ቅር ሳይለው ይተኩሳል!

ይህን በእርግጠኝነት የምነግራችሁ እኔ ራሴ ጤና አጥቼ ስለነበር ነው።

የአንኮበር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ እሰፋለሁ፣ በርኖስ እዘመዝማለሁ፣ የተቀደደ እደርታለሁ። ታዲያ አሮጌው መቀሴ አንድ ቀን እጄ ላይ ለሁለት ተከፈለና ሌላ ፍለጋ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወረድኩ። ከባሕር በኩል ግመል አግተልትሎ የመጣ ፈረንጅ መቀስ ይሸጣል ብለውኝ ነበር። እውነትም ይሸጣል። እንዴት ያለ መቀስ መሰላችሁ! አቡጀዲው ገና ሲያየው ራሱ ገለል ይልለታል። ከመያዣው ሥር የፈረንጅ ፊደል ተቀርጾበታል።

«ምን ይላል፣ ሙሴ?» አልኩት። (ፈረንጅን ሁሉ ሙሴ ነው የምንለው። እነሱ ደስ ይላቸዋል፤ ነቢዩን ግን የጠየቀው የለም።)

«ቨርቩዬ!» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። «የኩባንያው ስም። የአባቴ ስም!»

ኩባንያ ማለት አባትና ልጅ፣ አጎትና አማች ተሰብስበው በአንድ ስም የሚያድሩበት ማኅበር ነው አሉ። እኛ ማኅበር ገብተን ጠላ እንጠጣለን፤ እነሱ ገብተው መቀስ ይሠራሉ። እንግዲህ ማን እንደተጠቀመ እናንተው ፍረዱ።

«በርቡዬ፣» አልኩ እኔም በቅንነት።

የሰውዬው ፊት ጭፍግግ አለ። «ሁሉ በርቡዬ! ሁሉ ወርውዬ! ከባሕር እስከዚህ አንድ ሰው አባቴን በስሙ አልተራ!» አለ። «አልጠራም» ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም እንጂ ነገሩ እዚያው ላይ ይታይ ነበር።

አሳዘነኝ። እስቲ እናንተ አገር አቋርጣችሁ ሂዱና የአባታችሁን ስም ሰው ሁሉ በየገበያው ሲሰባብረው ስሙ! «አስተምረኝ፣» አልኩት። አስተማረኝ። የላይ ጥርስን የታች ከንፈር ላይ አሳርፎ መንፋት… ከዚያ ር የምትለዋን፣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው፣ ከጉሮሮ እየጎተቱ ማውጣት… ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስነፋና ስጎትት ዋልኩ። በመጨረሻ ወጣችልኝ። ፈረንጁ ዘሎ አቀፈኝ። «አንተ ብቻ!» አለኝ፤ «ሸዋ ሁሉ፣ አንተ ብቻ!»

በሸዋ ምድር ብቸኛ መሆን ሰውን ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ? ያባልጋል! የአንኮበርን አቀበት «ቨርቩዬ… ቨርቩዬ…» እያልኩ ስወጣ፣ ከላይ የሚወርደው መንገደኛ ሁሉ መንገድ እየለቀቀልኝ ያማትብ ነበር። እኔ በአክብሮት መሰለኝ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ አስካለ አሞሌ ጨዋን እየቆጠረች ነው። አስካለ ነጋዴ ናት፤ ከአልዩ አምባ ጨው ጭና ደብረ ብርሃን ወስዳ ትሸጣለች። የምትጭንባት ዳማ በቅሎ አባቷ ለሠርጓ የሰጣት ናት። ሳልደብቅ ልናገርና ቤታችን የሚያድረው በዚያች በቅሎ ጀርባ ነው። የኔ መርፌ ለበርበሬም አይበቃ።

«እስቲ መቀሱን አቀብለኝ፣» አለችኝ።

«የቱን መቀስ?»

«ስንት መቀስ አለህና?»

«ስም አለው እኮ። ቨርቩዬ በይ።»

«የሚቆርጠውን አቀብለኝ!»

«ቀላል ነው፣ ጥርስሽን ከንፈርሽ ላይ አሳርፊና…»

«ዛሬ ጥርሴን ሌላ ቦታ ነው የማሳርፈው!»

አቀበልኳት። እሷን ብተዋት ሌላውን ግን አልተውኩም። ከሰላ ድንጋይ ድረስ በርኖስ ሊያሰፋ የመጣ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ያ ስሙ የጠፋኝ የፈረንጅ መቀስ ጥሩ ይቆርጣል አሉ» ቢለኝ፣ ስሙን ካላሉ አልለካዎትም ብዬ ከደጅ አቆምኩት። ሰውዬው ሲነፋ፣ ሲያስለው፣ እንደገና ሲነፋ ቆየና በርኖሱን በክንዱ አንጠልጥሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። አላዋቂ! አልኩ በልቤ።

ከኔ የባሰ ሰው ያለ አይመስላችሁም አይደል? አለ። መሪጌታ ዘውዴ የሚባሉ ጎረቤቴ ናቸው፤ የግዕዝ ንባብ መምህር ናቸው። የንባብ ቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ቃሉ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን ስፍራ የሳተ ተማሪ ጀርባው ያውቀዋል። እሳቸውም ለብራና መቁረጫ ያንኑ መቀስ ገዝተው ኖሮ ስሙን በንባብ ሥርዓት አበጃጅተውታል።

ነገሩ የፈነዳው በአልዩ አምባ በዓርብ ገበያ ነው። አስካለ እዚያው አካባቢ ዘመድ ሞቶባት ለቅሶ ልትደርስ ተነሣችና፣ «በቅሎዬን አደራ። ጨው ጭነህ ጠብቀኝ» ብላ ትታኝ ሄደች። እኔም ጨው መጫኑን ትቼ ፈረንጁን ሰላም ልበል ብዬ ጎራ አልኩ። መሪጌታ ከመቀሶቹ ፊት ቆመው ለአንድ ገበሬ፣ «በርቡሌ የሚሉት ይህ ነው፣» ይላሉ።

ጣልቃ ገባሁ።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ቨርቩዬ ነው የሚባለው!»

«ልብስ ሰፊ ንባብ ሊያስተምረኝ?» አሉ ወደ ሰማይ እያዩ። «ወዳቂ ንባብ ነው! በርቡሌ! ዳግመኛም በርቡሌ!»

«ኧረ ከንፈር ተነክሶ ነው!»

«ከንፈር የሚነክስ ቂመኛ ነው እንጂ አንባቢ አይደለም!»

«በንጉሥ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ።

ለአገሩ እንግዳ ለሆናችሁ፣ ይህ ከተባለ በኋላ የትም ንቅንቅ የለም። ነጠላችሁ ከባላጋራችሁ ነጠላ ጋር ይቋጠርና ዳኛ ዘንድ ትቀርባላችሁ። የገበያው ዳኛ ቀኛዝማች ጥጋቡ ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ቀኛዝማች ፍርድ ይወዳሉ፤ ከፍርድ ይበልጥ ግን ውርርድ ይወዳሉ። በሙግት ላይ በእውነቱ የተማመነ ሰው «ብረታ ማር!» ይላል፤ ከተረታ ማሩን ያስረክባል። ለማን? ለዳኛው! እንግዲህ ዳኛው ነገሩን ለማብረድ የሚቸኩልበት ምን ምክንያት አለው?

«ብረታ ማር!» አሉ መሪጌታ።

«ብረታ ፈረስ!» አልኩ። ፈረስ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅ።

«ብረታ በቅሎ!»

ሕዝቡ «እህ!» አለ። ቀኛዝማች ጺማቸውን እየዳሰሱ ወደኔ ዞር አሉ። «አንተስ፣ ሰፊው?»

እዚያ ማዶ የታሰረችውን ዳማ በቅሎ አየኋት። እሷም አየችኝ። ወገኖቼ፣ ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ «ይቅርብኝ፣ እንደፈቀዳቸው ይጥሩት» ይልና ጨውን ጭኖ ይሄዳል። እኔ ግን የሸዋ ብቸኛው ሰው ነኝ… ደግሞም የስሙ ባለቤት ከኋላዬ ቆሟል፤ በምን ልረታ?

«ብረታ በቅሎ!» አልኩ። «ምስክሬም ራሱ ፈረንጁ ነው!»

ፈረንጁ ቀረበ። ስሙን ተጠየቀ። «ቨርቩዬ» አለ፣ ጥርት አድርጎ። መሪጌታን በእዝነት አየኋቸው። አቀበቱን በእግራቸው ሲወጡ ታዩኝ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ በመንገድ ላይ አፈናጥጣቸዋለሁ እያልኩ ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ቀኛዝማች ግን አልቸኮሉም። «ምስክሩን ከመቀበላችን በፊት አንደበቱን እንመርምር። እስቲ የኔን ስም ጥራ።»

«ከኛዝማች ቲጋቡ።»

ቀኛዝማች ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«ቀኛዝማች ጥጋቡ!»

«ከኛዝማች ቲጋቡ!»

«ጨው በል።»

«ቸው።»

«ጠጅ።»

«ተጅ።»

«ጰራቅሊጦስ።»

«ፐራክሊቶስ…»

መሪጌታ አማተቡ። ቀኛዝማችም ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «ምስኪን! ምላሱ ታስሯል። ጠጅን መጥራት የማይችል ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል? ኮልታፋ ነው፣ ቃሉ አይያዝም!»

«የአባቴ ስም ነው እኮ!» ፈረንጁ ጮኸ።

«ለአባትህም አዝነናል፣» አሉ ቀኛዝማች። ከዚያ ተነሥተው ፈረዱ። «ሰፊው የሚለው ስም አይደለም፣ ጉንፋን ነው። መሪጌታ የሚሉት ደግሞ ከቅቤ ይለሰልሳል። የሚቆርጥ ዕቃ ስሙም መቁረጥ አለበት። ከዛሬ ጀምሮ ጰርጱሌ ይባል! ሁለታችሁም ተረታችኋል። አሽከሮቼ፣ በቅሎዎቹን ተረከቡ!»

ፍርዱ ገረማችሁ? አይግረማችሁ። ሁለቱንም በቅሎ የሚያስገባ ሌላ ፍርድ አልነበረም።

የዳኛው አሽከር የዳማዋን ገመድ ሲፈታ ያየሁት በቅሎ አልነበረም፤ የአስካለ ጨው፣ የደብረ ብርሃን ገበያ፣ የክረምት እህላችን ነው ተጎትቶ የሄደው። ለማን? መቀስ ለሚሸጥ ማኅበር ስም! ፈራሁ። ዳኛውን አይደለም፤ ዳኛው ምን ያደርገኛል? ነጠላዋን ለለቅሶ እንዳዘቀዘቀች ከማዶ የምትመጣውን ነው የፈራሁት።

አስካለ ገመዱን ከአሽከሩ እጅ ነጠቀች። ምን እንደሆነ ሕዝቡ ተሻምቶ ነገራት። ወደኔ እንኳ አልዞረችም፤ በቀጥታ ዳኛው ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ በቅሎዋ የኔ ናት። አባቴ ሲሰጠኝ አገር አይቷል። በሰው ንብረት ውርርድ አለ?»

«ባልሽ አይደለም እንዴ?»

«ባሌ ነው። በቅሎዬ ግን ባለቤቷ እኔ ነኝ! የሱ የሆነውን ይውሰዱ።»

ሽማግሌዎች «እውነቷን ነው» አሉ። ቀኛዝማች ዳማዋን አንድ ጊዜ በሐሳብ አይተው ገመዱን ተዉላት። የመሪጌታ በቅሎ ግን የራሳቸው የመሪጌታ ስለነበረች የሚከራከርላት አልተገኘም፤ ሄደች። ንብረት ያለው ሰው የሚጎዳው ይሄኔ ነው።

«እሺ፣ ሰፊው፣ ያንተ የሆነ ምን አለህ?» አሉኝ።

አሰብኩ። ቤቱ ያባቷ ነው። ላሟ የሷ ናት። «መርፌ፣» አልኩ።

«ሌላስ?»

ለኔ የመለሰችልኝ አስካለ ናት። «አፉ አለ፣ ጌታዬ! የራሱ የሆነ አፉ ብቻ ነው። እሱን ይውሰዱልኝ!»

ወሰዱት! እነሆ በየዓርቡ ከዋርካው ሥር ቆሜ «ጰርጱሌ! የመቀሱ ስም ጰርጱሌ! ጰርጱሌ በሉ!» እያልኩ እለፈልፋለሁ። ቀኛዝማች ይበቃሃል እስኪሉኝ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ደስ ብሏቸዋል። የተሳሳተውን አርማለሁ፤ እንቢ ያለውን ለዳኛ እሰጣለሁ። የሰው ክፋቱ፣ መቀሱ በአዲሱ ስም እንደ ጉድ ተሸጠ! ፈረንጁ ከወርቅ ይልቅ ስሙን ይወዳል ብዬ ነበር፤ መቀሱ ሲያልቅ ጊዜ ሌላ መቀስ የሚያመጣለት ግመል ወደ ባሕር ላከ።

ባለፈው ዓርብ ግን ገበያው ሲበተን በእጁ ጠቀሰኝ። የቀረችውን መቀስ በጨርቅ እየጠቀለለ ነው።

«ሰው የለም፣» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንድ ጊዜ ብቻ… የአባቴን ስም፣ እንደ ዱሮ… በልልኝ።»

ዓይኑ ላይ እንባ ሞልቷል። አንጀቴን በላው። ለካ ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ ያንን ስም ከሌላ ሰው አፍ የሰማው ከኔ ብቻ ነው። ግራ ቀኝ አየሁ። የዳኛው አሽከሮች ሄደዋል፤ አስካለም ጨዋን በመጫን ላይ ናት። ይሁን! አልኩ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ፣ ጥርሴን ከንፈሬ ላይ አሳረፍኩ፣ ጉሮሮዬን ሞረድኩና ከልቤ፣ ከአንጀቴ…

«ጰርጱሌ!»

ደነገጥኩ። እሱም ደነገጠ። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው። አፌ ከቀኛዝማች ጋር ቀርቷል! ፈረንጁ እንደ መጀመሪያው ቀን ሊያርመኝ እጁን አነሣ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ነፋ… የወጣው ግን «ፐርፑሌ» ነው። አፉን በእጁ ያዘ። እንባው ወረደ።

ማጽናናት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ የለመደብኝ ነገር ቀደመኝ።

«ኧረ ሙሴ!» አልኩት። «ጠበቅ አድርገህ… ጰ!»