የኦቦ ዋቅወያ ባለ ሦስት እግር

በየከተማው አንድ ማንም ያልከሰሰውን ነገር ይዞ ዕድሜ ልኩን የሚሟገትለት ሰው አይጠፋም። አንዱ የሰፈሩ ምንጭ መድኃኒት ነው ብሎ ይሟገታል፤ ሌላው ነጭ በሬ አያርስም ብሎ። ተቃዋሚ የለበትም፤ እሱ ግን ተከራክሮ ይረታል፣ በረታበት ይግባኝ ይልና ደግሞ ይረታል። በጃንሆይ ዘመን ለነቀምቴ የደረሳት እንዲህ ያለው ክቡር ጠበቃ ገበያው አፋፍ ላይ ብስክሌት የሚጠግነው ኦቦ ዋቅወያ ነበር። ጥብቅና የቆመውም ለባለ ሦስት እግር ሞተር ሳይክል ነው።

ልጁ ድርቤ ክርክሩን እንደ ሰንበት መዝሙር በቃሏ ታውቀዋለች። «በቅሎ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ኮቴዋ ያዳልጣታል። ባለ ሁለት እግር ሞተር ጭቃ ሲያይ ይተኛል። የጭነት መኪና ድልድይ ይፈልጋል፣ ሰፊ መንገድ ይፈልጋል። ባለ ሦስቱ ግን…» ይልና ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ይደመድማል፤ «ድንጋዩንም ጭቃውንም!»

የማያምን ካለ ምስክር ይጠራል። «ጉልቻ ስንት ነው?» «ሦስት።» «በአራት ጉልቻ የሚቀቅል ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይህንኑ እያስረዳ ሳለ «ፈጣሪም ራሱ ቢሆን በሦስት…» ብሎ ሲጀምር ቄሱ ገላመጡት። ኦቦ ዋቅወያ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጉልቻው ይበቃል» አለ።

ለቅሶም ሆነ ሕመም አያግደውም። አንድ የአርጆ ነጋዴ ከጨመዳ የኪራይ በቅሎ ወድቆ የትከሻው አጥንት ሲሰበር፣ ኦቦ ዋቅወያ ማር ይዞ ሊጠይቀው ሄደ። «እግዚአብሔር ይማርህ» አለውና ወዲያው ስለ ጎማ ጀመረ። ሕመምተኛው መረረውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጠበቃው ቀሪውን ለጀርባው ጨረሰለት። የበቅሎዋ ባለቤት ጨመዳ ይህን ሰምቶ ለብዙ ሳምንት ሰላምታ ነፈገው።

ሞተሩ ራሱ የጨርቅና የጨው ነጋዴው የአቶ ሽብሩ ነው። ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት፣ በሁለቱ መካከል የእንጨት ሣጥን የተጫነበት፣ ቀይ ቀለሙ የተላላጠ ነገር። አቶ ሽብሩ ከአዲስ አበባ አስመጣው፤ ሁለት ጊዜ አጥር ከጣሰ በኋላ «ይኸው፣ ጠበቃው አንተ ነህ፤ አንተው ንዳው» ብሎ ለኦቦ ዋቅወያ አስረከበው። ከዚያ ወዲህ ጨው የሚያመላልሰው፣ የሚያጥበው፣ የሚያናግረውም ኦቦ ዋቅወያ ሆነ። ድርቤ አንዳንዴ የሞተሩ ታላቅ ትሁን ታናሽ ይጠፋባት ነበር።

ድርቤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው በጉቴ የሚያስተምረው ባቻ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን የመሩት ኦቦ ደረሳ ነበሩ። ነገሩ ሁሉ በሰላም አለቀና ሊመራረቁ ሲሉ፣ ኦቦ ደረሳ እንደ ዋዛ «እንግዲህ ሙሽራዋን የጨመዳ ዳማ በቅሎ ታመጣታለች» አሉ።

«በቅሎ?» አለ ኦቦ ዋቅወያ።

በጓዳ በር ስንጥቅ የምታዳምጠው ድርቤ ዓይኗን ጨፈነች።

ክርክሩ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ዘለቀ። ሽማግሌዎቹ ስለ ወግ ያወራሉ፤ ኦቦ ዋቅወያ ስለ ድንጋይና ጭቃ። በመጨረሻ ደክሟቸው «ይሁን፣ በሞተሩ ትምጣ» አሉ ኦቦ ደረሳ። «ነገር ግን ባቻ ሞተር መንዳት የሚችል ወዳጅ አለው፤ እሱ ይንዳ። አባት ልጁን መርቆ ደጁ ላይ ነው የሚቀረው። አባት ሙሽራ ሲከተል በአገራችን አላየንም።»

«መሪው አመለኛ ነው፤» አለ ኦቦ ዋቅወያ። «ከኔ እጅ ውጪ አይታዘዝም።»

ኦቦ ደረሳ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ከዚህ በላይ ለመከራከር አቅም አልነበራቸውም።

ወሬው ገበያው ውስጥ ሲዛመት የድርቤ ጓደኞች «ድርቤ፣ ከጨው ጋር ነው የምትጫኚው?» እያሉ ሳቁባት። ለእናቷ ለበቀለች አለቀሰች። በቀለች የምትለቅመውን እህል ሳታቆም «ተይው፤ አባትሽ ነው» ብቻ አለቻት።

በሰርጉ ዋዜማ ድርቤ ራሷ አባቷ ዘንድ ሄደች። ሣጥኑ ውስጥ ፍራሽ ያነጥፍ ነበር።

«አባ፣ የሚዳረው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ሞተሩ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

«ታዲያ እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኛል? በሕይወቴ አንድ ቀን እንደ ሰው ልታይ ብል፣ በኔ ሰርግ ክርክርህን ልትረታ ተነሣህ!»

ኦቦ ዋቅወያ ፍራሹን በእጁ ተጫነው፤ ሌላ ጥግ ደግሞ ተጫነው። «ድንጋዩንም ጭቃውንም ይችላል» አለ ቀስ ብሎ፣ ወደ እሷ ሳያይ። ድርቤ ጥላው ገባች።

ሌሊቱን በነቀምቴ በኩል የግንቦት ዝናብ ወረደ። ጠዋት ባቻ ከሚዜዎቹ ጋር በበቅሎ መጥቶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ ምርቃት ተደረገ። ሣጥኑ ከድርቤና ከጥሎሿ ሻንጣ በቀር ስለማይችል ባቻ ከበቅሎኞቹ ጋር ሆነ። ጨመዳ በቅሎዎቹን እየነዳ ከኋላ ተሰለፈ። ኦቦ ዋቅወያ የክት ካፖርቱን ለብሶ ሞተሩን ቀሰቀሰው። ሰው ሁሉ እልል አለ፤ የሳቀም ነበር። ድርቤ ዓይነ ርግቧን እስከ አገጯ ጎተተች።

እውነቱን ለመናገር ሞተሩ አላሳፈረም። በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ ቢያሰማም ሰተት ብሎ አለፈ። ከከተማው ወጥተው ጭቃው ሲጀምር አንደኛው ሚዜ ከነበቅሎው ተንሸራቶ እስከ ካልሲው ጭቃ ውስጥ ተነከረ፤ ሞተሩ በአጠገቡ ጭቃውን እንደ ቅቤ ሰንጥቆ ሁሉንም ቀድሞ ሄደ። ድርቤ አባቷ አሁን ዞሮ ጣቱን ይቀስራል ብላ ጠበቀች። አልዞረም።

ዳገቱን ሲወጡ ዝናቡ ያልነካው መንገድ መጣ፤ ደረቅ፣ ጠጠሩ የተደላደለ። ሞተሩ ሊበርበት የሚገባው ይሄኔ ነበር። እሱ ግን ቀስ አለ። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ አለፏቸው። ባቻም ባርኔጣውን አውለብልቦ አለፈ። ደግሞ ቀስ አለ። ጨመዳ የመጨረሻዋን በቅሎ እየነዳ ከጎናቸው ሲደርስ «ኦቦ ዋቅወያ! ሦስተኛው እግር አነከሰ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ለጀርባ እንኳ የሚከራከረው ሰው አንገቱን ደፍቶ መንዳቱን ቀጠለ።

በቅሎዎቹ ርቀው ዘፈኑ ብቻ ቀረ። ድርቤ ዓይነ ርግቧን ገለጥ አድርጋ የአባቷን ጀርባ አየች። ትከሻው ካፖርቱ ውስጥ አንሶ ነበር።

«አባ፣ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ጭቃው ነዋ» አለ። ድምፁ ተቆረጠ።

ድርቤ መንገዱን አየች፤ አቧራ ነው። ከፊት ለፊታቸው የጉቴ ቆርቆሮዎች ያብረቀርቃሉ። መሪው ለማንም አይታዘዝም ብሎ ሽማግሌዎቹን ቀኑን ሙሉ ያደከማቸው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት። አባት ደጁ ላይ ይቀራል፤ ሾፌር ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በዋዜማው በተናገረችው ተጸጸተች። ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ይቅርታ ብትለው ግን ምስጢሩን እንዳወቀችበት ያውቃል።

«አባ ኮ፣» አለችው፣ «ያንገጫግጨኛል። ትንሽ ቀስ በል።»

ኦቦ ዋቅወያ ራሱን ነቀነቀና ቀስ አለ። በእግር የሚሄዱ ገበያተኞች «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ቀደሟቸው። በመንገዱ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ «ብርድ አለ?» አላት፤ «የለም» አለችው።

ጉቴ ሲደርሱ ሰው ዳሱ ደጃፍ ላይ ሲጠብቅ ሰልችቶት ነበር። ኦቦ ደረሳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው «እህሳ፣ ኦቦ ዋቅወያ! በቅሎዋ ቀደመችህ!» አሉ። ሁሉም ለመልሱ ጆሮውን አዘጋጀ።

«ቀደመችኝ» አለ ኦቦ ዋቅወያ።

ሻንጣውን አወረደ፣ ልጁን እጇን ይዞ አወረደ፣ አቧራ የነካውን የቀሚሷን ጫፍ አራገፈላት። ግባና ቅመስ ቢሉት ወግ አይደለም አለ። ሞተሩን አዙሮ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉቴ ገና ያወራዋል። ሞተሩ አጓርቶ ተወረወረ። ሕፃናት ሊከተሉት ተነሥተው ሳይሮጡ ቀሩ። አቧራው ገና ሳይወርድ ድምፁ ከኮረብታው ማዶ ተሻገረ።

ጨመዳ የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እንዲህ መብረር የሚችል ከሆነ፣ ሲመጣ ምን ነክቶት ነው?»

ሙሽራ በሰርጓ ቀን አትናገርም። ድርቤ ግን ዓይነ ርግቧን ገልጣ፣ እንባዋንም ሳትጠርግ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።

«እኔ ነኝ ቀስ በል ያልኩት!»