ባለመደገፊያው ወንበር

ሁለት አገሮች ተኳረፉ ሲባል እናንተ ስለ ድንበር ወይም ስለ ነዳጅ ታስቡ ይሆናል። እኔ የማስበው ስለ ወንበር ነው። አትሳቁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና አስተማሪ ነበርኩ። ሠርጌ ለእሑድ ተቆርጧል፤ ሙሽራዬ ታደለች ያለችው ደግሞ ጃጁራ ነው። ሚዜ ጭኖ ለመሄድ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ሰኞ ብጠይቅ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወረቀቴን ገፋ አድርገው፣ ከጃጁራ ጋር ያለን ግንኙነት ተቋርጧል አሉኝ።

የምን ግንኙነት? እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ነው። ምክንያቱን ብጠይቅ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ግማሽ ሰዓት አስተማሩኝ። ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። ጸሐፊያቸው ቀስ ብሎ እንደነገረኝ፣ ሊቀመንበራችን ጃጁራ ለስብሰባ ቢሄዱ፣ የዚያኛው ቀበሌ ሊቀመንበር ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተንፈላስሰው፣ የእኛን ሰው አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ወገባቸው እስካሁን ያማቸዋል፤ ልባቸውማ አይነሳ።

ጨነቀኝ። ከእሑድ ቀጥሎ ዐቢይ ጾም ይገባል። ጠላው ተጠምቋል፤ ለፋሲካ ይቆይ አይባል ነገር። ደግነቱ ገበያተኛን ይለፍ የሚጠይቅ የለም። ማክሰኞ ቅቤ ሊሸጡ ለመጡት ለታደለች አክስት ጉዴን ነገርኳቸው። ዓርብ የታደለችን መልስ ይዘው መጡና ቀበሌ አብረን ገባን።

አክስት እንዲህ አሉ። ያ ወንበር እግሩ የላላ ነው፤ አግዳሚው የተሰጠዎት ለእርስዎ ታስቦ ነው። የእኛው የጃጁራው ሊቀመንበር እርስዎ እንደሄዱ ደገፍ ቢሉ ከነወንበሩ ወደቁ።

ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ወደቁ?"

"ወደቁ።"

"በጀርባቸው?"

"በጀርባቸው።"

"ሰው እያየ?"

አክስት ጥቂት አሰቡና፣ "አገር በሙሉ" አሉ።

ሊቀመንበሩ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ከጃጁራ ሰፊ ሕዝብ ጋር ያለን ወዳጅነት ዘላለማዊ ነው ብለው ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱልኝ።

ከሠርጉ በኋላ ታደለችን፣ ለመሆኑ ሰውየው እንዴት ነው የወደቁት ብዬ ጠየቅኋት።

"ማን ወደቀ?" አለችኝ። ወንበሩም ደህና፣ ሰውየውም ደህና። ታዲያ ይቅርታ ብትልኪላቸው አይሻልም ነበር ወይ ብላት፣ ይቅርታ ቢላክላቸውማ ይብሱን ይኮሩ ነበር አለች።

አገራችን እንዲህ ያለች አምባሳደር በማጣቷ አዝንላታለሁ። እኔ ግን አግኝቻታለሁ። ዛሬም የሆነ ነገር ስትፈልግ ባለመደገፊያውን ወንበር ሳብ አድርጋ፣ አረፍ በል ትለኛለች። እኔ እንደ ሊቀመንበሩ ሞኝ አይደለሁም፤ ዘዴዋ ወዲያው ይገባኛል። ገብቶኝ እቀመጣለሁ፤ ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ እሺ እላለሁ።