ሲዲ የበላው ምርቃት

ሲዲ የሚሰበስብ ባል ከሚጠጣ ባል ይብሳል! አትሳቁ፣ የምሬን ነው። የሚጠጣው ቢያንስ ጠዋት ሲነሳ ይጸጸታል፤ ሲዲ ሰብሳቢው ግን ጠዋትም ማታም ያው ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም... ባለቤቴ ስንዱ ናት። ከሚስቱ ጋር ተከራክሮ የረታ ወንድ እስከ ዛሬ ስላላየሁ ቃሏን እንዳለ ለእናንተ አቅርቤያለሁ።

መካኒሳ አቦ ባለችው ቤታችን ውስጥ አንድ ቁምሳጥን አለ። ግማሹ የኔ ሲዲ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ... እሱም የኔ ሲዲ ነው። ስንዱ ልብሷን በሻንጣ እያስቀመጠች ብዙ ከቻለችኝ በኋላ "ወይ እነሱ፣ ወይ እኔ!" ማለት ጀመረች። ነገሩ እየከረረ መምጣቱ ሲገባኝ የሰላም ሐሳብ ይዤ ቀረብኩ።

"ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ እገለብጣቸዋለሁ። ፍላክ በሚባል ፋይል! ከድምፁ ቅንጣት አይጎድልም!"

"ከየትኛው ድምፁ?" አለችኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ እውነቱን እናውጣ። ከሲዲዎቼ አብዛኞቹ መንገድ ዳር የተገዙ ናቸው። አንዱ ከካሴት የቀዳው፣ ካሴቱም ከሌላ ሰው ካሴት የተቀዳ፣ ያም ሰውዬ መስኮቱን ሳይዘጋ የቀዳው ነው። በአንደኛው ዘፈን መሀል ውሻ ይጮኻል። ያንን ውሻ አሁን ቅንጣት ሳይጎድል፣ በከፍተኛ ጥራት አስቀምጬዋለሁ። ለልጅ ልጅ ይተላለፋል!

"እንግዲያው ጀግና ከሆንክ የሰርጋችንን ሲዲ አውጣልን" አለች ስንዱ። ይሄኔ ቀልዱ አበቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስንዱ ታናሽ እህት ማህሌት ልታገባ ቀን ተቆርጧል። አባታቸው አባባ ወልዴ ደግሞ አምና አረፉ። ሙሽራ ከቤት ከመውጣቷ በፊት የወላጆቿን ጉልበት ስማ መመረቅ አለባት፤ የእናቷ ጉልበት አለ፣ የአባቷስ? አባባ እኛን ሲድሩ ረጅም ምርቃት መርቀውን ነበር። የድምፅ ባለሙያው ያንን በሲዲ ቀድቶ ሰጥቶናል። ቪዲዮውን አትጠይቁኝ፤ ዘመድ "አይተን እንመልሳለን" ብሎ ወስዶታል። የሰርግ ቪዲዮ ተውሶ የመለሰ ዘመድ ካወቃችሁ በሞቴ አስተዋውቁኝ!

እናም አማቴ እማዬ አስካለ ወሰኑ። "ወልዴ ትልቋን መርቆ ትንሿን አይዘልም። በድምፁ ይመርቃታል" አሉ። ድምፁን የማውጣት ኃላፊነት በማን ላይ ወደቀ? ቅንጣት አይጎድልም ባዩ ላይ!

ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተትኩት። የሚገለብጠው ፕሮግራም እልልታውንና ጭብጨባውን እንደ ውሃ ጠጣው። ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ያነባል፣ ስህተት! ደግሞ ያነባል፣ ስህተት! እስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። ያነበበውን ከፍቼ ባዳምጠው "እግዚአብሔር ይባ... ትክ... ትክ ትክ... ስትወል..." ይላል። አማቴን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋቸውና አላበኝ።

መካኒሳ ውስጥ ሐኪም ልታጡ ትችላላችሁ እንጂ ሲዲ የሚያክም አታጡም። ባለሱቁ "በጥርስ ሳሙና እሸው" አለኝ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ዳዊት "ፍሪጅ ውስጥ ይደር" አለ። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ "በአረቄ ይጠረግ" ብለው አዘዙ፤ አረቄው ሲመጣ ግን ግማሹን ጥራቱን ለማረጋገጥ ራሳቸው ጠጡት። ሁሉንም አደረግኩ! የአባባ ምርቃት ከጎመንና ከቲማቲም ጋር አደረ፣ በአረቄ ታጠበ፣ በጥርስ ሳሙና ታሸ። ሲዲው ከኔ የተሻለ የአፍ ጠረን ነበረው።

ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሠራ! ቧጨራው ጠፋ፤ የተቆራረጠው ቃል ተሟላ። ፕሮግራሙም አረንጓዴ አብርቶ "ስህተት የለም" አለኝ። በደስታ አዳመጥኩት።

"እግዚአብሔር ይባርካችሁ! ትክ... ትክ ትክ..."

ውሸታም! አለቃዬና ሚስቴ በየቀኑ ስህተት ሲያገኙብኝ ኖሬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "ስህተት የለብህም" የሚለኝ ነገር ባገኝ አላመንኩትም። ከዳዊት ሌላ የሲዲ ማንበቢያ ተዋስኩ። ትክታው እዚያው ቦታ ላይ፣ ያው ነው።

"ሁለቱም እኩል ከሰሙትማ መጀመሪያውኑ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ተወው" አለኝ ዳዊት።

"የማንም ምርቃት ትክ ትክ አይልም!" ብዬ ጮህኩበት።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው! ትክትክታ የሚያጠፋ ሌላ ፕሮግራም ፈልጌ አወረድኩና እንደ ምስር ጠጠር እየለቀምኩ ጣልኩት። ከኋላ የሚሰማ ጉርምርምታም ነበር፤ እሱንም ጠረግኩት። በየመሀሉ ያለውን ዝምታ ደግሞ አሳጠርኩት። በመጨረሻ አባባ እንደ ዜና አንባቢ ሳይተነፍሱ መረቁ። ኮራሁ!

ቅዳሜ እማዬ ከለቡ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ስንዱ እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ሆነች። እኔ እንደ ሚኒስትር ጉሮሮዬን ጠርጌ ከፈትኩላቸው። እማዬ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ማነው ይሄ?"

"አባባ ናቸዋ እማዬ!"

"ድምፁስ የሱ ነው። ሰውየው ግን እሱ አይደለም። ጣቱስ?"

"የምን ጣት?"

"ማይኩን የሚመታበት ጣቱ ነዋ! የእድር ዳኛ አልነበረም እንዴ? ሰው አሜን ካላለው በጣቱ ትክ ትክ ያደርጋል እንጂ ወደ ሌላው አያልፍም። ቤት እንኳ አውርቶ ካልመለስኩለት ጠረጴዛውን እንዲሁ ነበር የሚያደርገው..." ድምፃቸው ተሰበረ። "እጁን ቆረጥክበት እኮ ልጄ!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያ ሰርግ ላይ አልነበርክም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበርኩ! ግን ሙሽራ ነበርኩ። ከራባቱ እያነቀኝ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ እንኳን የአማቴን ጣት የራሴንም ስም አላስታውስም። ጉርምርምታ ብዬ የጠረግኩትም ለካ የእድምተኛው አሜን ነው። አባባን ጣት አልባ ብቻ ሳይሆን ሰው አልባም አድርጌያቸዋለሁ።

"ቅንጣት አይጎድልም?" አለች ስንዱ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ደግነቱ አረንጓዴ የበራለትን ፋይል አላጠፋሁትም። ቶሎ ብዬ እሱን ከፈትኩ። "እግዚአብሔር ይባርካችሁ!" አሉ አባባ። ትክ። "አሜን!" አሉ እማዬ ወዲያው፣ እያለቀሱም እየሳቁም።

የሰርጉ ጠዋት ለቡ ያለው የእማዬ ቤት በሰው ሞልቷል። ስፒከሩን አባባ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ማህሌትና ሙሽራው ብሩክ እማዬን ስመው ወንበሩ ፊት ተንበረከኩ። እኔ የመክፈቻዋን ቁልፍ ነካሁ።

"እግዚአብሔር ይባርካችሁ!"

ሰው አሜን ማለቱን ረስቶ ስፒከሩን ያያል። ትክ። ትክ ትክ።

"ገመዱ ነው!" ብሎ አንዱ ሚዜ ወደ ስፒከሩ ዘለለ።

"ተወው! አሜን በሉ!" ብለው ጮኹ እማዬ።

"አሜን!" ቤቱ ተናወጠ። ትክትክታው ቆመ። አባባም ደስ ብሏቸው ወደሚቀጥለው አለፉ። ወንድሞቼ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ! ከዚያ በኋላማ ምን ልንገራችሁ፤ እሳቸው ይመርቃሉ፣ ትክ ያደርጋሉ፣ እኛ አሜን እንላለን፣ ያልፋሉ። ማህሌት የወንበሩን እግር ይዛ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ!

መጨረሻው ላይ ደረስን።

"ሙሽራው! ከሚስትህ ምክር አትውጣ!" አሉ አባባ። ትክ።

"አሜን!" ሴቶቹ ከሁሉም ቀደሙ።

ትክ ትክ።

"አሜን!" ወንዶቹም ጨመሩ።

ትክ ትክ ትክ ትክ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ በእኛ ሰርግ ማን አሜን ሳይል ቆይቶ እንዳስጠበቃቸው እኔና ስንዱ እናውቃለን፤ ስንዱማ ዞራ አየችኝ። እማዬ ጎንበስ ብለው ብሩክን ትከሻውን ነካ አደረጉት።

"አንተን ነው የሚጠብቀው!"

"አሜን! አሜን አባባ!" አለ ልጁ ደንግጦ።

ትክትክታው ቆመ። እልልታው ቀለጠ።

ብሩክ ተነስቶ ላቡን እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ጋሼ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ትክትክታ በኮምፒውተር ማጥፋት አይቻልም ነበር?"

"ይቻላል" አልኩት። "እማዬን ብቻ አስፈቅድ።"