አስራ አንድ ቆርቆሮ ንጹህ አየር

«ይህን ሁሉ ቅጠል የሚበላው ማን ነው?» አሉኝ አከራዬ እትዬ ዘሀራ፣ የክፍሌ ደፍ ላይ ቆመው። ከኋላቸው ሁለት ፍየሎቻቸው መልሱን ለመስማት አንገታቸውን አስግገዋል።

ማንም አይበላውም አልኳቸው። አየር ያጠራል። ቀኑን ሙሉ አየር ሲያጠራ ይውላል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ቅጠሉ የተተከለባቸውን ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። «አብሽር» አሉኝ፣ የታመመ ሰው በሚያጽናኑበት ድምፅ።

ሰው የማይታይ ነገር ለማጽዳት ሲነሳ እንዴት እንደሚተጋ አስተውላችኋል? ወለል ለመጥረግ የሚሰንፈው፣ አየር አጥራ ቢሉት ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። እኔ እንደዚያ ነኝ። ምክንያትም ነበረኝ። ባለቤቴ ሰናይት አስም አለባት። ሥራ ወደ ቆቦ ሲያመጣኝ እሷ ደሴ ቀረች፤ ስምንት ወር ትዳራችንን በስልክ ኖርን። በመጨረሻ፣ አንድ ሳምንት እሞክረዋለሁ አለች። ደረቴ ከተቀበለው እቀመጣለሁ፣ ካልተቀበለው እንዳትለምነኝ።

እዚህ ፀሐይዋ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። የአስፋልቱ ዳር አቧራ ሳያንኳኳ ይገባል። ስልኬ ላይ አነበብኩ፦ የቤት ውስጥ ተክል አየር ያጠራል። ስንት እንደሚበቃ አይልም። እኔ አስራ አንድ አልኩ።

ከወልድያ በሚኒባስ አመጣኋቸው። ጎብዬ ላይ የተሳፈሩ አንድ ገበሬ እግራቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው፣ ፍሬው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። አየር አልኳቸው። የኛም ማሽላ አየር አያጣም፣ ግን ቂጣም ይሆናል አሉ። ሮቢት ሲወርዱ አይዞህ አሉኝ።

እያንዳንዱን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተከልኩት። መስኮቱንስ? ዘግቼ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሸግሁት። ንጹህ አየር አምርቼ ለመንገድ ልበትን? እንዲበረቱም በቀን ሦስቴ ውሃ አጠጣኋቸው። በአራተኛው ቀን የጭቃው ግድግዳ አላበው። በሳምንቱ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። እኔ ግን እዚያ መሀል ስቆም አዲስ ሳንባ የተገጠመልኝ ያህል ይሰማኝ ነበር። ጉጉት ሻጋታን የጫካ ሽታ ያደርገዋል።

ሰናይት የምትመጣ ዕለት ቁልፉን ለእትዬ ዘሀራ ሰጠሁ። እባክዎ እነዚህን ይመልከቱልኝ፣ ደክመዋል ብዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሰናይት ከአውቶቡስ ወረደች። አልሳለችም። ባጃጅ ውስጥ አቧራው ፊቷን እየመታት፣ አልሳለችም። ስለ ክፍሉ አየር ሳወራ ትንፋሽ ያጠረው እኔን ነው።

በሩን ከፈትኩላት።

እትዬ ዘሀራ አደራ ያከብራሉ። ራያ ቆላ ውስጥ ቢጫ ላለ ማሳ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እሳቸውም አልነፈጉኝም። የፍየል ፍግ፣ የዚያኑ ዕለት፣ በየቆርቆሮው ሁለት ሁለት እፍኝ። ውሃ አርከፍክፈውበት፣ ሙቀቱ እንዳይወጣበት በሩን ዘግተው ሄደዋል።

አየሩ ከክፍሉ ወጥቶ ተቀበለን። ሰናይት አንድ እግሯን አስገብታ መልሳ አወጣች። ሳለች። ሳሏን መቁጠር ጀመርኩ፣ ሰባተኛው ላይ ተውኩት። እትዬ ዘሀራ ደግፈው ወደ ቤታቸው ደጃፍ ወሰዷት። በራቸውም መስኮታቸውም ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ንፋሱ አቧራውን ይዞ በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። ውሃ አጠጧት። ሳሉ ቆመ። እኔ ከክፍሉ አንዱን ቆርቆሮ አውጥቼ ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ሳምንት ብያለሁ፣ ሳምንት እቀመጣለሁ አለች ሰናይት። በአንድ እጄ ሻንጣዋን አንስቼ ወደ ክፍሌ ዞርኩ። ተከትላ መጥታ ከእጄ ወሰደችው።

«የት ነው የምተኛው?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው እኔን አይደለም።

«ከኔ ጋር ነዋ፣ የኔ ሸጋ» አሉ እትዬ ዘሀራ። ወደኔ ዞር ብለው፣ «አንተ እዚያው አየርህን አጥራ።»

ሁለቱ ፍየሎች መጥተው የታቀፍኩትን ቆርቆሮ አሸተቱ። የእትዬ ዘሀራ በር ተዘጋ።