በርጫ ላይ የተፈታ ላፕቶፕ

እናንተዬ፣ ጫት ሲቅም ሁሉን አዋቂ የሚሆን ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ጭሮ ውስጥ ሞልተውልናል። የኔው ጀማል ይባላል።

ላፕቶፔ ድንገት ጠፍቶ ስክሪኑ ጥቁር ሆነብኝ። የተማሪዎቼ ውጤት ውስጡ ነው፤ ነገ ማስረከብ አለብኝ። ከሰዓት በርጫው ላይ ይዤለት ሄድኩ።

«መምህር፣ አብሽር! ይሄ ራሙ ነው» አለና ብሎን በብሎን ፈታታው።

ምርቃናው ከፍ ሲል ግን ላፕቶፔን ትቶ፣ በአፉ ለሚኤሶ ድርቅ ግድብ ይሠራ ጀመር። እኔ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ምን ላድርግ? ግድብ የሚሠራ ሰው ይቋረጣል?

አመሻሹ ላይ ምርቃናው በረደ።

«በል እንግዲህ ግጠምልኝ!» አልኩት።

ምንጣፉ ላይ የተበተነውን ዕቃ አፍጥጦ አየና ከልቡ አዘነልኝ።

«ውይ መምህር! ይሄን ማን እንዲህ በታተነብህ?»