ሰማይ ደርሶ የሚመለሰው ከበሮ

ቀጭን ነገር አልወድም። አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ዘመኑ የቀጭን ዘመን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስልኩ ቀጭን፣ ግድግዳው ቀጭን፣ ሠርግ ላይ የሚቀርበው ቁርጥ ሳይቀር ቀጭን ሆኗል። ሰው ሲቀጥን «ምን ነካው፣ አሞታል እንዴ?» እንላለን፤ ዕቃ ሲቀጥን ግን አፋችንን ከፍተን እናደንቃለን። ምክንያቱን የሚያስረዳኝ ካለ ያለሁት ደብረ ታቦር ነው፣ ይምጣና ያስረዳኝ።

ቴሌቪዥን ድሮ ሆድ ነበረው። ለማንሣት ሁለት ጎረምሳ ይጠራበት ነበር፤ ክፉም ይናገር ደግ፣ ድምፁ የሚወጣው ከሆዱ ነበር። የዛሬው እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የድምፅ ማውጫውን ከጀርባው ሸጉጠውለት ምስሉን ለእኛ ያሳያል፣ ወሬውን ለግድግዳው ያወራል። እናንተም ቤት ያው ነው፣ አትሸፋፍኑት። ዜና አንባቢው ምን እንዳለ ለመስማት ድምፁን ትጨምራላችሁ፤ ማስታወቂያ ሲመጣ ደንግጣችሁ ትቀንሳላችሁ። እኔም የኔታ እስኪያማርሩ ድረስ እንዲሁ ችዬው እኖር ነበር።

የኔታ የሚስቴ የየሺ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከበሮው የት ላይ እንደሚመታ፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚነሣ፣ እግር እንዴት እንደሚረግጥ ለስንቱ ደቀ መዝሙር አስጠንተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከጉና ሥር ካለው አገራቸው ወርደው እኛ ዘንድ ይኖራሉ። ሰኔ ላይ ወደ ደብሩ ሲወጡ ጭቃው አንሸራቷቸው ወደቁና ዳሌያቸውን ተመቱ። ሰነባብተው ተነሡ፤ አሁን በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ስለዚህ ችግራችን እግራቸው አልነበረም። ችግራችን ትልቋ ልጃቸው ነበረች።

እትዬ አስናቀች ባሕር ዳር ነርስ ናት። ነርስነቷ ከሆስፒታሉ በር ላይ አይቀርም፤ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ በስልክ ይደርሰዋል። «አባየ ክረምቱ እስኪወጣ ዳገት እንዳይወጡ፣ ቆመው እንዳይውሉ» ስትል ዐወጀች። ነሐሴ ገባ፣ ቡሄ ቀረበ። ቡሄ ለእኛ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ከተማችን የምትጠራው በበዓሉ ስም ነው። የኔታ ከደቀ መዝሙርነታቸው ጀምሮ የዚያን ዕለት ወረብ ቀርተው አያውቁም። እትዬም ይህን ስለምታውቅ ካሳ ላከች፤ ግድግዳ የሚያክል ቀጭን ቴሌቪዥን። ንግሡ በቀጥታ ስለሚተላለፍ አባየ ጋቢያቸውን ለብሰው ሶፋ ላይ ሆነው ይከታተላሉ፣ አለቀ። ለእኔ የደረሰኝ ትእዛዝ ደግሞ አጭር ነበር፤ «ደምሴ፣ እሳቸው ከዚያ ሶፋ ቢነሡ የምጠይቀው አንተን ነው።»

በዓሉ ሳምንት ያህል ሲቀረው ቴሌቪዥኑን ከፈትንላቸው። ከሌላ አገር የተቀረፀ ማኅሌት ይታያል፤ አንድ ጎልማሳ ከበሮውን አንግቶ ይወዛወዛል። የኔታ ጥቂት አዩና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይኼ ሰውዬ ምን እየሠራ ነው?»

«ከበሮ እየመታ ነው፣ የኔታ።»

«አይደለም። ጠረጴዛ እያንኳኳ ነው።»

ድምፁን ጨመርኩት። ጸናጽሉ እንደ ማንኪያ ተንቃጨለ፤ ከበሮው ግን ጠረጴዛነቱን አልተወም። የኔታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «የዘንድሮውን ቡሄ በዚህ ከምሰማው ተኝቼ ብውል ይሻለኛል» አሉ። በቁጣ ቢሉት ባልከፋኝ። ቀስ ብለው፣ ራሳቸውን እንደሚያባብሉ ነበር ያሉት። ራታቸውንም ነካክተው ተዉት። አንጀቴን በሉት፤ እልህ የሚባለው ነገር ደግሞ እኔን የሚይዘኝ እንዲህ ሲሆን ነው።

ሳሎናችን ጥግ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከሠርጋችን ጀምሮ ያለ ቴፕ አለኝ። ሁለቱ ስፒከሮቹ እንደ እህል ጎታ የቆሙ ናቸው፤ ሥራ ከፈቱ ቆይተዋል። የሺ ዳንቴል አልብሳ የአበባ ማስቀመጫ አድርጋቸዋለች፤ ልዋጭ የሚለው ሰውዬ በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር እሷ ወደ ቴፑ ታያለች፣ እኔ ወደ እሷ። «ለዚህ ግንድ ሁለት ባልዲ ቢሰጠን ምናለ?» ትለኛለች። እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም። ሆድ ያለው ዕቃ ቤቴ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄጄ ችግሬን ለባለሱቁ ነገርኩት። ባለሱቁ ቴፑን ስገልጽለት በሐዘኔታ አየኝ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ አልፎበታል፤ አዲስ ስፒከር ይውሰዱ፣ ቀጭን ነው» አለኝ። ቀጭን ነው! ሰውዬው ምን እንደተናገረ አላወቀም። ቴፔ እንዳላለፈበት፣ ያለፈው የሰው ጆሮ እንደሆነ፣ አዲስ ግዛ የሚለኝን ሁሉ እንደማልሰማ በሰፊው አስረዳሁት። ገበያተኛው ቆሞ እስኪያዳምጠኝ ድረስ። ባለሱቁ እንድሄድለት ብሎ ይመስለኛል፣ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ከመሳቢያ አወጣልኝ። ከቴፑ ጀርባ ትሰካለች፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁን ያለ ገመድ በብሉቱዝ ይልክላታል፤ እሷ ለቴፑ ታቀብላለች። በገመድማ ቢሆን ድሮ ባደረግኩት ነበር። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ከወዲያ ማዶ፣ ቴፑ ከወዲህ ማዶ ነው፤ ገመድ መሐል ለመሐል ዘርግቼ አንድ ጊዜ የወደቁትን ሰው ሳሎን ውስጥ ልድገማቸው?

ቤት ገብቼ ሰካሁ። ቴሌቪዥኑ በአቅራቢያው ያለውን ሲፈልግ የጎረቤቱን ስልክ ሁሉ ዘረዘረልኝ፤ «አትንኩኝ» የሚል ስም ያለውም ነበር፣ አልነካሁትም። ቆይታ ቆይታ የእኔዋ መጣች። ተጫንኳት። ስፒከሮቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ያ ጠረጴዛ ሲያንኳኳ የነበረ ሰውዬ ከበሮውን መታ። የአበባ ማስቀመጫው ተንቀጠቀጠ፤ ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ መለሰለት። የኔታ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«አሁን ቆዳ ነው» አሉ።

ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። የሺ እንኳን ዳንቴሏን በገዛ እጇ ሰብስባ አጣጠፈች። የዚያን ቀን ራት ተበላ። ለእትዬ አስናቀች ደውዬ «አባየ ከሶፋቸው ንቅንቅ አይሉም» ብዬ ቃል ሰጠኋት። እንግዲህ ዓለም እንዲህ ነው፤ ሰው ሞኝነቱን ሲጨርስ ነው ቃል የሚሰጠው።

ቡሄ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። የኔታ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ታቦቱ ወጣ፤ ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰለፉ፤ ወረቡ ተጀመረ። ቤቱ ተሞላ። መስኮቱ በከበሮው ልክ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ የሺ መስተዋቱ እንዳይረግፍ ብላ ከፈተችው። ጥፋት ይባል ጽድቅ፣ ያደረገችው ይኸው ነው።

ቤታችን ከደብሩ ተራራ ሥር ነው። ክረምቱን ሙሉ መስኮት ዘግተን፣ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ዝናብ እየደበደበብን፣ የደብሩ ድምፅ እኛ ዘንድ እንደሚደርስ ረስተን ነበር። አሁን ከዳገቱ ላይ አንድ የከበሮ ምት በመስኮቱ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶ ያው ምት ከስፒከሬ ወጣ። ሁለተኛው ምት በመስኮት መጣ፤ አሁንም ተከትሎ ከስፒከሬ። የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«ማን ነው የሚከተለው?» አሉ።

«የእኛው ቴሌቪዥን ነው፣ የኔታ። ሥርጭቱ መጀመሪያ ሳተላይት ዘንድ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ እኛ ይመለሳል፤ ትንሽ ይዘገያል።»

«ሳተላይት የት ነው?»

«ሰማይ ላይ።»

ከወዲያ ከዳገቱ፣ ከወዲህ ከጥጉ ከበሮው ተመታ። «ደብሩ እዚህ ነው» አሉ በመቋሚያቸው መስኮቱን እያመለከቱ። «እኔም እዚህ ነኝ። መሐላችን አንድ ዳገት ነው። ለዚህ ሰማይ ድረስ ምን አስኬደው?» መልስ አልጠበቁም። «እኔ ማኅሌት አርፍጄ ገብቼ አላውቅም። በስተርጅና አታስረፍደኝ። ጫማዬን።»

የሺ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ «እትዬ ትገድለናለች» አለች። ልትገድለን ትችላለች። እኔ ግን ፊታቸውን እያየሁ ነበር፤ ሶፋው ላይ ባስቀመጥናቸው ሳምንታት ያረጁት እርጅና ወድቀው ከተኙበት ጊዜ ይልቅ ይበልጥ ነበር። አንድ ሰው ዳሌው እንዳይጎዳ ብለን የሰውየውን ልብ ስንጎዳ ባጀን፤ የሚጠይቀንም ጠፋ። እንግዲያው እኔን ትጠይቀኝ። ጫማቸውን አመጣሁ፤ የሺም አጎንብሳ ክሩን አሰረችላቸው።

ባጃጁ ኮብልስቶኑ እስካለቀበት አደረሰን። ከዚያ በኋላ ያለውን ጭቃ እሳቸው በመቋሚያቸው፣ እኔ በክንዳቸው እየተደገፍን ወጣነው፤ ማን ማንን እንደደገፈ እንኳ አላውቅም። ሊቃውንቱ ሲያዩዋቸው ሰልፉ ከመሐል ተከፈተ፣ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ሆነ፣ የኔታ ገቡበት። ለሽማግሌዎች የተዘጋጀ ወንበር ከኋላቸው ነበር፤ አላዩትም። እግራቸው ቀስ ብሎ ረገጠ፣ መቋሚያቸው ወደ ቀኝ ዘንበል አለ፣ ከዚያ ወደ ግራ። እንባዬ መጣ።

እኔ ራቅ ብዬ ከሕዝቡ ጋር ቆሜያለሁ። ስልኬ ጮኸ። ባሕር ዳር ነው።

«ደምሴ! አባየን ቴሌቪዥን ላይ እያየኋቸው ነው። አሁኑኑ አስቀምጣቸው!»

ቀና ብዬ አየሁ። አንዱ ወረብ አልቆ ሌላው ሊጀመር ነበር፤ የኔታም ትንፋሽ ለመውሰድ ወንበሩ ላይ አረፍ ብለዋል። «ተቀምጠዋል» አልኳት።

«ዓይኔ እያየ ትዋሻለህ? ይኸው ቆመዋል!»

«እትዬ፣ በእውነት ተቀምጠዋል።»

በዚህ መሐል ከበሮው ተነሣ። የኔታም ተነሡ፤ መቋሚያቸውን ጨበጥ አድርገው ከሰልፉ ገቡ። የእትዬ ምስል ግን ገና ከሰማይ እየተመለሰ ነበር። ቀጥሎ ድምፅዋ በአንዴ ለስልሶ መጣ።

«እሰይ፣ አሁን ተቀመጡ። እንዲህ የሚባሉትን ሲሰሙ ነው። በል እንዳይነሡ ጠብቃቸው።»

«እሺ፣ እጠብቃቸዋለሁ» አልኳትና ስልኩን ኪሴ ከትቼ ከሕዝቡ ጋር ማጨብጨብ ጀመርኩ።